ባነሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንዲት ወረዳ ከተማ ነው። ዘንድሮ የጤና ክበባችን ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ምክትል ርእሰ መምህራችን ከልዩ ፍላጎት ክበቡ ጋር ሆናችሁ ስለ አካቶ ትምህርትና ስለ ማኅበረሰብ ጤና አንድ ነገር ሥሩ ብለውናል። መስማት የተሳናቸውና ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉን። አንድ የክፍላችን ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ አለበት። ክፍል ውስጥ ከወደቀ ወዲህ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቷል። እኛ ያሰብነው ባነር ማሠራት፣ ሰልፍ ላይ ድራማ ማሳየትና የእግር ጉዞ ማዘጋጀት ነበር። ገንዘብ ግን የለንም። ከየት እንጀምር? ደግሞስ ተማሪ ሆነን ማን ይሰማናል?»

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ተመረጥሽ። የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ፤ እንደ እናንተ ካሉ ክበቦች ጋር ብዙ ሠርቻለሁ። በቀጥታ ልንገርሽ። ባነሩን ለጊዜው ተዉት። ሥራችሁ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካጣው ልጅ ይጀምር።

አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛውም ሌላውም በአንድ ክፍል አብሮ የሚማርበት) እና ጤና ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚመስሉት ዕቅድ ወረቀት ላይ ነው። እዚህ ልጅ ላይ ግን አንድ ናቸው። ሕመሙ ታክሞለት ክፍል ውስጥ ብቻውን ከቀረ የሚማረው ግማሹን ነው። ጓደኛ ኖሮት መድኃኒቱን ካቋረጠ ደግሞ ቆይቶ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ክበቦች አንድ ላይ ሆነው በእሱ ጉዳይ ቢጀምሩ ትክክለኛውን ቦታ ያዙ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እሱን አነጋግሩት። ለብቻው፣ በጸጥታ። «ክፍሉን ስለ ሕመሙ ልናስተምር አስበናል፤ አንተ ምን ትላለህ?» በሉት። ስሙ እንዲጠራ ካልፈለገ አይጠራም። ራሱ መናገር ከፈለገ ደግሞ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። ሳትጠይቁት ሰልፍ ላይ ስለሚጥል በሽታ ድራማ ብትሠሩ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ዞሮ የሚያየው እሱን ነው።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት ለአፍታ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ መልእክት ሲለቁ ሰው ራሱን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል። በትንፋሽ አይተላለፍም። በምራቁም በአፉ አረፋም አይተላለፍም። ይህን ደፍራችሁ ተናገሩ። ልጆቹ የሸሹት ክፉ ሆነው ሳይሆን ፈርተው ነው፤ ፍርሃት ደግሞ በእውቀት ይለቃል። ብርቅ ሕመምም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት፣ ከ1000 ሰው ውስጥ 5 ያህሉ ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በዚያ ስሌት 2000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 10 ያህል ይኖሩታል። የምታውቁት አንዱን ብቻ ከሆነ ሌሎቹ ተደብቀዋል፣ ወይም ትምህርቱን ትተዋል።

ከዚያ ክፍሉ በሙሉ የሚለማመደው ነገር አለ። ልምምዱ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጁ ሲወድቅ ዴስክና ወንበሩን ከዙሪያው አንሱ። ከጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ወይም ሹራብ አድርጉ። የአንገት ቁልፉን ፍቱለት። ሰዓት እዩ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ። በጉልበት ጨምቃችሁ አትያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እስክሪብቶ፣ ጣት፣ ምንም አታስገቡ፤ ምላሱን አይውጥም። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ይህን የምለው በየቤታችን የሚደረግ ስለሆነ ነው። ጭሱ አንዱንም አያቆመውም፤ ሊያቃጥለውና ሊያፍነው ግን ይችላል። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጁ ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ያፍራልም። ሽንት አምልጦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ይቅሩ፣ ሌላው ይውጣ። ነጠላ ወይም ጃኬት ጣል ያድርጉበት። «ክፍል ውስጥ ነህ፣ አሁን አልፏል» ይበሉት። እኔ ስብሰባ ከመምራት ይልቅ ይህን ማድረግ የሚችል ተማሪ ነው መሪ የምለው።

መድኃኒት አለው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ፌኖባርቢታል ይሰጣል፤ በየቀኑ ይወሰዳል፣ በባለሙያ ክትትል። አደጋው በድንገት ማቋረጡ ላይ ነው። ድንገት ከተቋረጠ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ ጸበል ሲወስድ መድኃኒቱን የሚያስቆምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገር ከሰው ጋር ክርክር አትግጠሙ። ጸበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቁም፤ መልእክታችሁ ይኸው ይሁን። የሚሰማ ካህን ወይም ሼህ አጠገባችሁ ካለ ከእናንተ ይልቅ እሱ ቢናገረው ቤተሰብ ይቀበላል።

አሁን ወደ ክበባችሁ ልምጣ። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ስለ አካቶ ከማስተማራችሁ በፊት የራሳችሁን ስብሰባ እዩ። የት ነው የምትሰበሰቡት? ፎቅ ላይ ከሆነ በክራንች የሚሄደው ልጅ ምን ይሆናል? ከመካከላችሁ መስማት የተሳነው አባል አለ? ቢመጣስ ማን ያስተረጉምለታል? ልዩ ፍላጎት ክበብ ተብሎ አካል ጉዳተኞቹ ለብቻ፣ ጤና ክበብ ተብሎ ሌላው ለብቻ ከተቀመጠ እኮ አካቶው ገና ከስሙ ተበላሽቷል።

ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤን አስቢያቸው። ወሎ ውስጥ ነው የተወለዱት፣ የአንቺው አገር ሰው ናቸው። በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ተማሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲማሩ የዩኒቨርሲቲውን የፀረ-ኤድስ እንቅስቃሴ መርተዋል። ኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ሆኑ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። ማየት የተሳናት ተማሪ ማየት የተሳናቸውን ክበብ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ተማሪ የጤና እንቅስቃሴ መምራቷ ነው። ያን ጊዜ ኤች አይ ቪ የእያንዳንዱ ተማሪ ጉዳይ ነበር፤ እሷም ፊት ቆማ መራችው። አንቺም ጋ ጥያቄው ይኸው ነው። ምክትልሽ ማነው? ጸሐፊሽስ? ማየት ከተሳናቸው ተማሪዎች አንዱ የእጅ መታጠቢያውን ሥራ ቢመራ ምን ይጎድላል?

ሚኒ ሚዲያችሁንም ተመልከቱ። የጤና መልእክት ሁሉ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ይተላለፋል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ከዚያ ምንም አያገኙም። ኮሌራ መጣ፣ ክትባት ነገ ነው፣ ፈተና ተላለፈ፣ ሁሉንም የሚሰሙት መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ብቻ ሲለጠፍ ደግሞ የሚቀሩት ማየት የተሳናቸው ናቸው። አንድ ደንብ አውጡ፦ ማንኛውም ማስታወቂያ በድምፅም በጽሑፍም ይውጣ። በድምፅ የተነገረው በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። የተለጠፈውም በሚኒ ሚዲያ ይነበብ። ይህች ብቻ በደንብ ከተሠራች የዓመት ሥራ ናት እላለሁ።

መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ደግሞ ቋንቋ ይቀድማል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ የምልክት ቋንቋ ተማሩ። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቋንቋውን አሳምረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በፊደል ጀምሩ። በእኛ የምልክት ፊደል እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ተማሪ ሥርዓቱ ቶሎ ይገባዋል። ስማችሁን በእጃችሁ መጻፍ ከቻላችሁ «ሕመም»፣ «ውሃ»፣ «ጤና ጣቢያ»፣ «እርዳኝ» ይከተላሉ። ድንገት የታመመ ልጅ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ማጣት የለበትም።

ክፍል ውስጥ ያለውን ችግር ብዙ ሰው አያስተውለውም። መስማት የተሳነው ተማሪ አስተርጓሚውን እያየ በአንድ ጊዜ ደብተሩ ላይ መጻፍ አይችልም። ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። አስተርጓሚ በሌለበትም የመምህሩን ከንፈርና ሰሌዳውን ሲከታተል ያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ጽሑፍ ያለው የክፍል ጓደኛ ኖቱን በየቀኑ ያጋራው። ተራ አውጡለት፣ በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ። መምህሩን ደግሞ በትሕትና ጠይቋቸው፦ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲናገሩ ልጁ ምንም አይከታተልም።

ማየት የተሳናቸው ልጆች የሚቸገሩት በተቃራኒው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ይኼን ከዚህ ጋር ስታባዙት ይኼ ይመጣል» ሲሉ ክፍሉ ይገባዋል፤ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ግን ምንም አልተማረም። የተጻፈው ሁሉ ቃል በቃል ይነበብ። ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሒሳብ የሚርቁት ስለማይችሉ አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ክበባችሁ የአንባቢ ተራ ያውጣ። መጽሐፉን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በስልክ ቅዱላቸው። ምዕራፉን ከነገጹ ቁጥር ጥሩ፣ ሥዕሉን በቃል ግለጹ፣ አትቸኩሉ። ባዮሎጂ ያነበበ ተማሪ ራሱም ሳያስበው ያጠናል።

የዓይን ነገር ከተነሳ፣ ጤና ክበብ ብዙ የሚሠራበት መስክ ነው። መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ሰነፍ የተባሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ። በየአቅጣጫው የዞረውን የ«ኢ» ሰንጠረዥ ከጤና ጣቢያ ጠይቁ። ተማሪውን 6 ሜትር አርቃችሁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ አቅጣጫውን በእጁ እንዲያሳይ አድርጉ። የሚሳሳተውን ልጅ ስም ጽፋችሁ ለሆም ሩም መምህሩ ስጡ። መምህሩም ከፊት ያስቀምጡት፣ ወደ ሕክምናም ይላኩት። ምርመራና ሕክምናው የባለሙያ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ማጣራቱ ላይ ያበቃል።

ትራኮማም አለ። አማራ ክልል በሽታው እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ፣ በዝንብም ከልጅ ወደ ልጅ ይዛመታል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሴቶች የበለጠ ይጎዳሉ፤ ልጅ የሚያቅፉት፣ አፍንጫ የሚጠርጉት እነሱ ናቸውና። መከላከያው ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተማሪ እጅ ውስጥ ናቸው። ፊት ለመታጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ የተበሳበት ሃይላንድ ይበቃል። አጠገባችሁ ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ለትንንሾቹ ብታሳዩ፣ እነሱ ቤታቸው ይወስዱታል።

መጸዳጃ ቤቱን ሄደሽ በዓይንሽ እዪው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ መዝጊያ ያለው በር፣ ውሃና የተጠቀመችበትን ሞዴስ የምትጥልበት ቦታ ካጣች ቤቷ ትቀራለች። ያችው ልጅ ዊልቸር የምትጠቀም ከሆነች ደግሞ ጭራሹን መግባት አትችልም። መስማት የተሳናትን ልጅ ስለ ወር አበባ ማን ነገራት? ብዙ ጊዜ እናት የምልክት ቋንቋ አታውቅም፣ መምህሯም ያፍራሉ። ሴቶቹ አባላት ከእሷ ጋር ተቀምጣችሁ ሞዴሱን በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩአት። መወጣጫ ለመሥራት ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። የደጃፉ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው 180 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ድንጋይና አሸዋ ከሠፈር፣ ሲሚንቶ ከወላጅ፣ እጅ ከቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይገኛል።

ወደ ማኅበረሰቡ ስትወጡ ብቻችሁን አትውጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ፈልጊያት። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቤት ለቤት የምትሄደው፣ ቤተሰቡን በስሙ የምታውቀው እሷ ናት። እናንተ ደግሞ እሷ የማታውቀውን ታውቃላችሁ። የትኛዋ ልጅ ትምህርት እንዳቆመች፣ የየትኛው ተማሪ ታናሽ ወንድም ቤት ውስጥ እንደሚውል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በኀፍረት የሚደበቁበት ቤት ዛሬም አለ። ክትባት ትምህርት ቤት ሲሰጥ ቤት የቀረችዋ ልጅ ታልፋለች። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን ውሰጂ። አገራችን ውስጥ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚከተቡት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የቤቷን አቅጣጫ ለባለሙያዋ ብቻ፣ በጆሮዋ ንገሩ። ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ፎቶ አይነሳ፣ ቴሌግራም ላይ አይውጣ።

ጆሮው መግል የሚያፈስ ሕፃን ካያችሁም ዝም አትበሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከፈሰሰና ካልታከመ መስማት ሊያሳጣው ይችላል። ዘይትና የቅጠል ጭማቂ መጨመሩ ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም። ጆሮው ውሃ ሳይነካው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዛሬ የታከመው ጆሮ ነገ ክፍል ውስጥ መምህሩን ይሰማል።

«ማን ይሰማናል?» ላልሽው፣ ሕጉን ይዘሽ ግቢ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የሕንፃ ሕጉም ለአካል ጉዳተኞች መዳረሻን ይጠይቃል። ይህን እንደ ዱላ አታንሺው። አንድ ገጽ ጽፈሽ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ልክ አክለሽ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ (ወተመህ) ስብሰባ ላይ አጀንዳ ይያዝልን በይ። ዝም ብሎ «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይገባል። «180 ሳንቲ ሜትር መወጣጫ፣ ይህን ያህል ሲሚንቶ» የሚል ደብዳቤ ግን አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ያስፈልገዋል።

ድራማውን ጭራሽ ተዉ አላልኩም። ስትሠሩት ግን አካል ጉዳተኛውን ለማኝ ወይም አልቃሽ አድርጋችሁ እንዳታመጡት። ጽሑፉን እነሱ ይጻፉት፣ እነሱም ይተውኑበት። የእግር ጉዞውም ከሆነ ዊልቸር የሚያልፍበት መንገድ ተመርጦ ይሁን።

የሁሉንም ሥራ ደብተር ያዙ። የአንባቢ ተራው፣ የኖት አጋሪዎቹ ስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ፣ የወተመህ መልስ ይግቡበት። የክበቦች ትልቁ ችግር ሰኔ ነው። ሰብሳቢው 12ኛን ጨርሶ ሲሄድ ሥራው አብሮት ይሄዳል፤ መስከረም ላይ ሁሉም ከባዶ ይጀመራል። አንቺ 12ኛ ስትገቢ ከጎንሽ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ልጆች ይኑሩ። ቢያንስ አንዷ መስማት ወይም ማየት የተሳናት ትሁን። ደብተሩንም ሚያዝያ ላይ፣ ፈተና ሳይጠብብሽ፣ ለእነሱ አስረክቢ።

ለነገ ግን ሌላ ዝግጅት አያስፈልግም። ከጓደኞችሽ አንዷን ይዘሽ ጠዋት ክፍል ስትገቢ እዚያ ልጅ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።